ከወጣቱ ፒቸር ጀርባ ማን ይቁም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤዝቦልን ያስለመደኝ እዚህ የተወለደው ልጄ ነው፤ በ2019 የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ዋንጫ ሲያነሳ አብረን ጨፍረናል። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ቡድኑ ከተሸነፈው የበለጠ ያሸነፈበት አንድም የውድድር ዘመን የለም። እኔ «ወጣት ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ይዘዋል፣ ታገስ» እለዋለሁ። እሱ «ገንዘብ አውጥተው አንድ ትልቅ ፒቸር ይግዙ» ይላል። ማናችን ነን ልክ? ቡድን በወጣት ፒቸሮችና በፍሪ ኤጀንት (ውሉ አልቆ ለፈለገው ቡድን መፈረም በሚችል ተጫዋች) እንደገና ሲገነባ ምን ይቀድማል?

መልስ፦ ልጅዎ «ይግዙ» ማለቱ ትክክል ነው፤ የማልስማማው በሚገዛው ነገር ላይ ነው። እርስዎም «ታገስ» ማለትዎ ትክክል ነው፤ ግን ወጣት ፒቸር ስለታገሱት ብቻ አይበስልም። በእኔ እምነት እንደገና የሚገነባ ቡድን የመጀመሪያውን የፍሪ ኤጀንት ገንዘብ ማውጣት ያለበት ከወጣቱ ፒቸር ጀርባ ቆመው ኳስ ለሚይዙት ተከላካዮችና ከፊቱ ቁጢጥ ብሎ ለሚቀበለው ካቸር ነው። ስመ ጥሩው ፒቸር የሚገዛው መጨረሻ ላይ፣ ከወጣቶቹ የትኞቹ እንደሚቆሙ ከታወቀ በኋላ ነው። ብዙ ቡድኖች ይህን ገልብጠው ይሠሩታል። ምክንያቱም ጥሩ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ) እንደ ትልቅ ፒቸር ትኬት አያሸጥም።

ነገሩን በደንብ የሚያሳየው የአትላንታ ብሬቭስ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አትላንታ በ1988 106 ጨዋታ ተሸነፈ። በ1989 97 ተሸነፈ። በ1990 እንደገና 97 ተሸንፎ ከሜጀር ሊጉ 26 ቡድኖች የመጨረሻው ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ጄኔራል ማናጀሩ ቦቢ ኮክስ ከምንም በላይ የሚያከማቸው ወጣት ክንድ ነበር። ቶም ግላቪን በ1984 ድራፍት (ቡድኖች ተራ በተራ ወጣት ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት) በሁለተኛው ዙር ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ኪንግስ የተባለው የአይስ ሆኪ ቡድንም መርጦት ነበር። ስቲቭ ኤቨሪ በ1988 ድራፍት ሦስተኛው ተመራጭ ነበር። ጆን ስሞልትዝ ደግሞ በ1987 ኦገስት ላይ ከዲትሮይት የመጣው በዶይል አሌክሳንደር ልውውጥ ነው። በዚህ ልውውጥ ዲትሮይት ተሸወደ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አሌክሳንደር ለዲትሮይት 9 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ቡድኑ ዲቪዥኑን ወሰደ። አንዱ የዛሬውን አገኘ፣ ሌላው የነገውን። ስሞልትዝ ያኔ የ20 ዓመት ልጅ ነበር።

እነዚህ ልጆች ሲጀምሩ ምን ይመስሉ እንደነበር ለልጅዎ ይንገሩት። ግላቪን በ1988 7 አሸንፎ 17 ተሸነፈ። ስሞልትዝ በዚያው ዓመት 2 አሸንፎ 7 ተሸነፈ። ኤቨሪ በ1990 3 ለ11 ነበር። በዚያን ጊዜ ቁጥራቸውን ብቻ ያየ ሰው ሦስቱንም ሸጦ አንድ የታወቀ ፒቸር እንዲገዛ ቢመክር አይፈረድበትም።

አትላንታ ሦስት ልጆች ይዞ ብቻ አልጠበቀም። ቶሚ ግሪን፣ ኬንት መርከር፣ ዴሪክ ሊሊክዊስት፣ ፒት ስሚዝ ነበሩ። ግሪን፣ መርከርና ሊሊክዊስት በድራፍት የመጀመሪያ ዙር የተመረጡ ናቸው፤ ስሚዝ በልውውጥ የመጣ ነው። ግሪንና ሊሊክዊስት በ1990 ለሌላ ቡድን ተሰጡ። አንዳቸውም ግላቪን አልሆኑም። ፒቸር የሚታፈሰው እንዲህ በብዛት ነው፤ የትኛው ክንድ እንደሚቆም አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። አንድ ሁለት ስም ይዞ «መጪው ጊዜ የኛ ነው» የሚል ቡድን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው ነገሩ። እንዲያውም አትላንታ በ1990 ድራፍት የመጀመሪያውን ምርጫ ይዞ ሲገባ ዓይኑን የጣለው ቶድ ቫን ፖፕል በሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፒቸር ላይ ነበር። ልጁ አልፈርምላችሁም ስላለ ቺፐር ጆንስ የተባለ ሾርትስቶፕ መረጡ። ቫን ፖፕል በሜጀር ሊግ 40 አሸንፎ 52 ተሸነፈ። ጆንስ የቤዝቦል ታላላቆች የሚዘከሩበት ሆል ኦፍ ፌም ገባ። የአትላንታን ጥበብ የሚያወድሱ ሰዎች ይህችን ሲተርኩ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮክስ በ1990 አጋማሽ ከቢሮ ወርዶ አሰልጣኝ ሆነ፤ በኦክቶበር ጆን ሹርሆልዝ ከካንሳስ ሲቲ መጥቶ ጄኔራል ማናጀርነቱን ያዘ። የፒቸሮቹ አማካይ ኢአርኤ 4.58፣ ከናሽናል ሊግ ሁሉ የከፋ ነበር። ኢአርኤ ማለት ፒቸሩ በ9 ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ) በአማካይ በራሱ ጥፋት የሚቆጠርበት ነጥብ ነው። ይህን ቁጥር ያየ ሁሉ «ፒቸር ግዙ» ይላል። ሹርሆልዝ ግን ከፍሪ ኤጀንት ገበያ ያመጣው ሦስተኛ ቤዝ ላይ የሚቆመውን ቴሪ ፔንድልተንን፣ የመጀመሪያ ቤዙን ሲድ ብሪምን እና ሾርትስቶፑን ራፋኤል ቤሊያርድን ነው። ሦስቱም የኢንፊልድ (የውስጠኛው ሜዳ) ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም የታወቁት በጓንታቸው ነው። ፔንድልተን በ1990 የመታው .230 (ከ1000 ሙከራ 230 የተሳካ ምት እንደማለት) ነበር፤ ለአራት ዓመት 10.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጠው የሳቀ ብዙ ነው። ቤሊያርድማ በ17 የውድድር ዘመን በጠቅላላ 2 ሆም ራን (ኳሷን ከአጥር የሚያሻግር ምት) የመታ ሰው ነው። ሹርሆልዝ በዚህ አላበቃም፤ ኳስ እንደ ፈለገች ትነጥርበት የነበረውን የስታዲየሙን ሜዳ የሚያስተካክል አዲስ ባለሙያ ቀጠረ።

ለምን? ይህን ካልገለጽኩ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። በቤዝቦል መዝገብ ለተከላካዩ ስህተት ተብሎ የሚጻፍበት ባብዛኛው የደረሰባትን ኳስ ሲጥል ወይም ሲወረውር ሲስት ነው። ሊደርስባት የሚገባውን ግን ያልደረሰባት ኳስ በእሱ ስም አትጻፍም፤ የመቺው ሂት (የተሳካ ምት) ሆና በፒቸሩ ላይ ትቆጠራለች። ስለዚህ እግሩ የዘገየ ኢንፊልድ ራሱ ንጹሕ መስሎ የፒቸሩን ኢአርኤ ያበላሻል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ጉዳት ነው። የባሰው ከወረቀቱ ውጭ ያለው ነው። ተጠናቆ መቀየር የነበረበት ኢኒንግ በአንዲት ኳስ ምክንያት ሲቀጥል ወጣቱ ፒቸር ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ተጨማሪ ኳስ ይወረውራል፤ ያውም በደከመ ክንድ። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም ልጁ መመታትን ይፈራል። ኳሷን ወደ ስትራይክ ዞኑ መሃል መላክ ትቶ ጠርዝ ጠርዙን ይፈልጋል፣ ዎክ (አራት ኳስ ከዞኑ ውጭ ወርውሮ መቺውን በነፃ ወደ ቤዝ መላክ) ይበዛበታል፣ አምስተኛው ኢኒንግ ሳያልቅ 95 ኳስ ወርውሮ ይወጣል። ከዚያ ቡልፔኑ፣ ማለትም ተተኪ ፒቸሮቹ፣ ይደክማል። አሰልጣኞች «ልጁ ልብ የለውም» ማለት የሚጀምሩት እዚህ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ የጠፋው ልብ ሳይሆን ሁለተኛ ቤዝ አጠገብ መቆም የነበረበት ሰው ነው።

በ1991 አትላንታ 94 አሸነፈ። ኢአርኤው ወደ 3.49 ወረደ። ግላቪን 20 አሸንፎ የሊጉ ምርጥ ፒቸር የሚያገኘውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ፤ ኤቨሪ በ21 ዓመቱ 18 አሸነፈ። የጠፋው መሬት ለመሬት የሚሄድ ኳስ ሁሉ ተያዘ ማለቴ አይደለም፤ ሌላም ነገር ነበር። የፒቸሮች አሰልጣኙ ሊዮ ማዞኒ ልጆቹን በሁለት ጨዋታ መካከል እንደ ሌላው ቡድን አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ ጉልበት ሳያወጡ ያለማምዳቸው ነበር። ስሞልትዝ የመጀመሪያውን አጋማሽ 2 ለ11 ጨርሶ ከስፖርት ሳይኮሎጂ ባለሙያ ጋር ሠርቷል፤ ሁለተኛውን አጋማሽ 12 ለ2 አደረገው። ፔንድልተንም ማንም ሳይጠብቀው .319 መትቶ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ፤ ይህን ሹርሆልዝም አልገዛውም፣ ምርቃት ነው። ግን ምርቃቱን እንኳ ብንቀንስ የግዢው አቅጣጫ ልክ ነበር።

ቡድኑ በዚያ ዓመት ወርልድ ሲሪሱን (የዋንጫውን ፍጻሜ) በሰባተኛው ጨዋታ፣ በ10 ኢኒንግ፣ 1 ለ0 በሚኒሶታ ተሸነፈ። በ1992 በቶሮንቶ ተሸነፈ። የልጅዎ «ትልቅ ፒቸር» የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዲሴምበር 1992 ግሬግ ማደክስ ለአምስት ዓመት በ28 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ያንኪስ ከዚህ የሚበልጥ አቅርቦለት ነበር፤ እሱ ግን ገንዘቡ ያነሰበትን ቦታ መረጠ። አትላንታ በ1990 ቢጠይቀው ይመጣ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ማደክስ ኳሱን መሬት ለመሬት በማስመታት የሚኖር ፒቸር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከጀርባው ማን እንደሚቆም ሳያይ አይፈርምም። ለአትላንታ በ1993፣ 1994 እና 1995 በተከታታይ ሳይ ያንግ ወሰደ። በ1995 ክሊቭላንድን አሸንፈው ዋንጫውን ያነሱበት ስድስተኛ ጨዋታ ግን የግላቪን ነበር፦ 8 ኢኒንግ፣ አንድ ሂት፣ 1 ለ0። ኤቨሪ በ1993 መጨረሻ ተጎድቶ ወደ ቀድሞው ብቃቱ አልተመለሰም። ሁሉ ነገር በተቃናለት ቡድን ውስጥ እንኳ ከሦስቱ አንዱ ጎደለ ማለት ነው።

ያልተቃናለትን ካነሳን ኒውዮርክ ሜትስ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጄሰን ኢስሪንግሃውሰን፣ ቢል ፑልሲፈርና የ1994 ድራፍት ቁጥር አንድ ተመራጭ ፖል ዊልሰን በአንድነት «ጄኔሬሽን ኬ» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙ ከውጤቱ ቀደመ። ሦስቱም ተራ በተራ ተጎድተው ቀዶ ሕክምና ገቡ። ኢስሪንግሃውሰን ብቻ በኋላ ጨዋታ ዘጊ ሆኖ 300 ሴቭ (ቡድኑ የመራበትን ጨዋታ አስጠብቆ መዝጋት) አስመዘገበ፤ አብዛኛውን ግን ለሌሎች ቡድኖች።

ዲትሮይትም አይታለፍ። በ2003 119 ጨዋታ ተሸነፈ። ጄረሚ ቦንደርማን የ20 ዓመት ልጅ ሆኖ 19 ተሸነፈ። በቀጣዩ የዝውውር ወቅት ቡድኑ መጀመሪያ የገዛው ትልቅ ስም ካቸር ነው፦ ኢቫን ሮድሪገስ። ከዚያ ጀስቲን ቨርላንደር በድራፍት መጣ፤ ሽማግሌው ኬኒ ሮጀርስ በፍሪ ኤጀንትነት የተጨመረው ለ2006 ነው፤ በዚያው ዓመት ወርልድ ሲሪስ ገቡ። እዚያ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? በአምስቱም ጨዋታ የዲትሮይት ፒቸሮች ራሳቸው በመከላከል ላይ ስህተት ሠሩ፤ አምስት ስህተት፣ በሴንት ሉዊስ 4 ለ1 ተሸነፉ። ክንዱ ወርቅ የሆነ ልጅ ሁሉ ኳስ አንስቶ መወርወር ያውቃል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እናንተው ቡድን። የሚገርመው ናሽናልስ ይህን ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ በትክክል ሠርቶታል። በ2008 102፣ በ2009 103 ተሸነፈ። በ2009 ስቲቨን ስትራስበርግን ቁጥር አንድ አድርጎ መረጠ። ልጁ በ2010 ጁን 8 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺ በስትራይክአውት (ሦስት ስትራይክ አስቆጥሮ) አስወጣ፤ ሴፕቴምበር ላይ ክርኑ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ሕክምና፣ የተበጠሰውን የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት መተካት፣ ከ1974 ጀምሮ ብዙ ክንድ አድኗል፤ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ያስቀምጣል። ፒቸሩ ጆርዳን ዚመርማንም ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ሁለቱ ሲያገግሙ ቡድኑ ምን ገዛ? ዲሴምበር 2010 ላይ አውትፊልደሩን (የውጨኛው ሜዳ ተከላካዩን) ጄሰን ዎርዝን በሰባት ዓመት 126 ሚሊዮን፣ ቀጥሎም የመጀመሪያ ቤዙን አዳም ላሮሽን። የዎርዝ ዋጋ ያኔ እብደት ተባለ። በ2012 ላሮሽ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የጎልድ ግላቭ ሽልማት ወሰደ፣ የቡድኑ ፒቸሮች በናሽናል ሊግ ዝቅተኛውን ኢአርኤ ያዙ፣ 98 ጨዋታ አሸነፉ። ስትራስበርግን በ159 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ አቁመው ለፕሌይኦፍ ሳያሰልፉት መቅረታቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔ ልጁን ስላቆሙት አልወቅሳቸውም፣ የምወቅሳቸው ኤፕሪል ላይ ቀስ ብለው ባለመጀመራቸው ነው።

ማክስ ሸርዘር የመጣው በጃንዋሪ 2015፣ ቡድኑ 96 ጨዋታ ካሸነፈበት ዓመት በኋላ ነው፤ ሰባት ዓመት፣ 210 ሚሊዮን፣ ግማሹ ክፍያ ለኋላ የተላለፈ። ሁለት ሳይ ያንግ፣ አንድ ዋንጫ። ለ2019 ደግሞ ፓትሪክ ኮርቢን በ140 ሚሊዮን ተጨመረ፤ በወርልድ ሲሪሱ ሰባተኛ ጨዋታ ሦስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወርውሮ አሸናፊው ፒቸር እሱ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ቅደም ተከተሉ የአትላንታ ነው።

ከዋንጫው በኋላ ተገለበጠ። ስትራስበርግ በ245 ሚሊዮን ዶላር የሰባት ዓመት ውል ፈርሞ ከዚያ በኋላ የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ኮርቢን በ2022 19 ተሸነፈ። በ2021 ሸርዘርና ትሬይ ተርነር ሲሄዱ፣ በ2022 ሁዋን ሶቶ ሲሄድ፣ ጆሳያ ግሬይ እና ማኬንዚ ጎር የተባሉ ወጣት ፒቸሮች መጡ። ልጆቹ መጥፎ አልነበሩም፤ ግሬይ በ2023፣ ጎር በ2025 ኦል ስታር (በምርጦች ጨዋታ የሚመረጥ) ሆነዋል። ግሬይ ግን በ2024 ክርኑን ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ የ2020 የመጀመሪያ ዙር ተመራጩ ኬድ ካቫሊም ቀድሞ በ2023 ይህንኑ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። የቀሩት ደግሞ የሚወረውሩት በማን ፊት ነበር? ሾርትስቶፑ ሲጄ ኤብራምስ ፈጣን ነው፣ ይመታል፤ በመከላከል መለኪያዎች ግን ከዝቅተኞቹ ተርታ ሲመደብ ኖሯል። ካቸሩ ኬይበርት ሩዊዝ ኳስ አቀባበሉ ሲተች የቆየ ነው። በ2011 ያደረጉትን በ2023 ቢደግሙት ኖሮ ጎር በናሽናልስ ማሊያ ያለው ቁጥር ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ይህ የድሮ ቤዝቦል ነው፤ ዛሬ ሁሉም በስትራይክአውት ነው የሚወጣው» የሚለኝ ሰው አለ። ግማሽ እውነት ነው። በ1991 አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 6 ገደማ መቺ በስትራይክአውት ያስወጣ ነበር፤ ዛሬ ከ8 በላይ ነው። ግን በ2023 የወጣው ሕግ ከሁለተኛ ቤዝ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ኢንፊልደር እንዲቆም አስገድዷል። ከዚያ በፊት ዘገምተኛውን ተጫዋች ኮምፒውተር በነገረው ቦታ አቁሞ መደበቅ ይቻል ነበር። አሁን በእግሩ መድረስ አለበት። ካቸር ላይ ግን ትንሽ ላለዝብ፦ ከ2026 ጀምሮ የዳኛውን የስትራይክ ውሳኔ በካሜራ ማስመርመር ስለተፈቀደ፣ ጠርዝ ላይ ያረፈችን ኳስ በዘዴ ተቀብሎ ስትራይክ የማስባል ጥበብ ዋጋው በመጠኑ ይቀንሳል። ልጁን ማረጋጋትና ኳስ መምረጥ ግን አይቀንስም።

ጊዜውንም ልብ ይበሉ። አንድ ተጫዋች ፍሪ ኤጀንት ለመሆን 6 ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የሚከፈለው ዝቅተኛው ደመወዝ ወይም ለዚያ የቀረበ ነው፤ በ2025 760 ሺህ ዶላር ነበር። ቀጣዮቹን ሦስት በድርድርና በግልግል ከፍ ይላል። ስለዚህ ወጣት ፒቸሮች ርካሽ የሚሆኑት ገና ሲማሩ ነው፤ ሲያውቁ ይወደዳሉ። ተከላካዩን በሦስት ወይም አራት ዓመት ውል መግዛት ያለባችሁ ልጆቹ በሁለተኛ ዓመታቸው አካባቢ ሲሆኑ ነው፤ የፔንድልተን የአራት ዓመት ውል ከዚህ ጋር ነው የገጠመው። ትልቁን ፒቸር ቀድሞ መግዛት ሌላም ዋጋ አለው፦ የቀድሞ ቡድኑ ያቀረበለትን የአንድ ዓመት ውል እምቢ ብሎ የወጣ ተጫዋች ከሆነ አስፈራሚው የድራፍት ምርጫ ያጣል። ወጣት ፒቸር የሚፈልግ ቡድን የወጣት ፒቸር መግዣውን ለሽማግሌ ፒቸር ሰጠ ማለት ነው።

ናሽናልስ በ2025 ጁላይ ጄኔራል ማናጀሩን ማይክ ሪዞንና አሰልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝን አሰናብቷል። ወንበሩን የያዘ ሁሉ በሚመጣው ዲሴምበር ሁለት ነገር ቢያደርግ እኔ እደሰታለሁ፦ ኳስ የሚያሳድድ እውነተኛ ሾርትስቶፕ፣ ከተቻለም ዕድሜው ከሠላሳ ትንሽ ያለፈ፣ ወጣት ፒቸሮችን አስተናግዶ የሚያውቅ ካቸር። ኤብራምስን መሸጥ የለባቸውም፤ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወይም ወደ አውትፊልድ ይውሰዱት። ከፒቸር ገበያ አንድ ሰው ይበቃል፤ እሱም ስመ ጥር ሳይሆን በዓመት 170 ኢኒንግ እየበላ ልጆቹን ከመጠን በላይ ከመወርወር የሚያድን፣ ውሉ ከሁለት ዓመት የማያልፍ። ቻርሊ ሊብራንት በ1991 ለአትላንታ ያደረገው ይህንን ነው፤ 15 ጨዋታ አሸነፈ፣ ስሙን ግን ዛሬ የሚያነሳው ጥቂት ነው።

ልጅዎ የሚመኘው የ200 ሚሊዮን ፒቸር ቀኑ መቼ ነው ካሉኝ፣ ከወጣቶቹ ቢያንስ ሁለቱ በተከታታይ ሁለት ዓመት 150 ኢኒንግ ሲሻገሩና ቡድኑ በጁላይ መጨረሻ ከተሸነፈው በላይ አሸንፎ ሲገኝ ነው። እስከዚያ «ማንን ገዙ?» ብሎ ሲጠይቅዎ፣ የተገዛው ተጫዋች ጓንቱን የሚይዘው የት ቦታ ቆሞ እንደሆነ መልሰው ይጠይቁት።